የሲስተር የዝና ባል

እንዳለ ሚስቱን ያገኛት በራሱ ጥፋት ነው።

አሶሳ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ የቆርቆሮ ሼድ ውስጥ ቀርከሃ እየሰነጠቀ ወንበርና አልጋ ይሠራል። አንድ ማክሰኞ ከጎረቤቱ ጋር ሲያወራ ቢላው አምልጦት የግራ መዳፉን ከፈተው። በጨርቅ ጠቅልሎ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ደሙ እስከ ክርኑ ወርዶ ነበር። የተቀበለችው ጠይም፣ ቀጠን ያለች፣ አነጋገሯ የመተከል ልጅ መሆኗን የሚያሳብቅባት ነርስ ነበረች። መርፌውን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እጅህን አትይ» አለችው። «እኔን እይ።»

አያት። ሰባት ቦታ ሰፍታው እስክትጨርስ ዓይኑን አልነቀለም። «በቃ፣ አልቋል እኮ» ስትለው እንኳ አላቆመም። ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ መድኃኒት መደርደሪያው አዞረች።

ክሩ የሚወጣው በስምንተኛው ቀን ነው ተብሎ በአራተኛው ቀን መጣ።

«ገና ነው፤ ቀኑን ተሳስተሃል።»

«አልተሳሳትኩም» አለ እንዳለ።

ሁለቱም ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ የዚያ ዝምታ ማብራሪያ ነበር ማለት ይቻላል። በዓመት ከመንፈቁ ድባጤ ድረስ ሽማግሌ ተልኮ፣ እናቷ ወይዘሮ ማሚቱ መርቀው ሰጡት፤ የዝናን አገባት።

እውነቱን ለመናገር፣ እንዳለ ሚስቱን ይወዳት ነበር እንጂ ሥራዋን አያውቀውም ነበር። ከሥራ ስትመለስ «እንዴት ዋልሽ?» ይላታል፤ «ደህና» ትለዋለች። «ደክሞሻል?» ሲላት «ትንሽ» ብላ ጫማዋን ታወልቃለች። እሑድ ተረኛ ስትሆን ያኮርፋል። «አንቺ ያገባሽው እኔን ነው ወይስ ጤና ጣቢያውን?» ይላታል። ትስቃለች። ሳቋን መልስ አድርጎ ወስዶት ኖረ።

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ሚያዝያ ላይ፣ ወረርሽኙ አገሩን ሁሉ ቤት ባስዘጋበት ሰሞን፣ ከከተማው ዳር ያለ አንድ ትምህርት ቤት የኮሮና ለይቶ ማከሚያ ተደረገ። የዝና የታጠበ ልብስ እያጠፈች፣ ቀና ሳትል ነገረችው።

«ሰኞ እገባለሁ።»

«የት?»

«ማዕከሉ። ስሜን አስመዝግቤያለሁ።»

«ሳታማክሪኝ?»

«ባማክርህ እምቢ ትለኝ ነበር።»

«እምቢ ነዋ የምልሽ!»

«ለዚህ ነው ያላማከርኩህ።»

እንዳለ ተነሳ፤ ተቀመጠ፤ እንደገና ተነሳ። «ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው? በዚህ ሁሉ ነርስ መሃል አንቺ?»

«ሌሎቹ ልጆች አሏቸው» አለች የዝና በቀስታ። «እነሱ እንዳይገቡ ነው እኔ የገባሁት።»

ያጠፈችውን ነጠላ ፈትታ እንደገና አጠፈችው። ስድስት ዓመት ሙሉ ልጅ ሲጠብቁ ኖረው፣ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ጮክ ብለው አውርተው አያውቁም ነበር። ያን ቀንም ከዚያ በላይ አላወሩም።

ሰኞ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ሼዱ በር ላይ ቆመች። እንዳለ ጀርባውን ሰጥቷት ቀርከሃ ይሰነጥቃል።

«ሄድኩ» አለች።

«እሺ» አለ፣ ሳይዞር።

ጥቂት ቆየች። የቆመችበትን ቦታ በጀርባው ያውቀው ነበር። ከዚያ ኮቴዋ ጠጠሩ ላይ እየራቀ ሄደ፤ እሱም የያዘውን ቀርከሃ እስከ ጫፉ ሰነጠቀው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ ስም አወጣለት፤ «የኮሮናዋ ባል»። ወንበር ያዘዙት ሰዎች መምጣት ተዉ። ቤት ያከራየቻቸው ወይዘሮ አገኘሁሽ በመስኮት ጠርታ፣ በነጠላዋ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ «እንዳለ፣ ጠልቼህ አይደለም። እናቴ አሮጊት ናት፤ ደረቷም አይረባም። ወዲያ ብትሉልኝ?» አለችው። አልተከራከራትም። አልጋና ልብሱን ሼዱ ውስጥ አስገባ። ንዴቱ ግን ከአገኘሁሽ ላይ ተሻግሮ ሚስቱ ላይ አረፈ።

ግንቦት ላይ አንድ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወደ ማዕከሉ ሄደ። የሚላትን አዘጋጅቷል፤ «ወይ እሱን፣ ወይ እኔን።»

ከሽቦ አጥሩ ማዶ፣ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ፣ ከእግር እስከ ራሳቸው በነጭ ፕላስቲክ የተጠቀለሉ ሦስት ሰዎች ወጡ። የትኛዋ ሚስቱ እንደሆነች አላወቀም። አንዷ ስትዞር ጀርባዋ ላይ በማርከር የተጻፈውን አነበበ፤ «የዝና»። ቀስ ብላ፣ በየመሃሉ እጇን በኬሚካል እየታጠበች፣ አንድ በአንድ ማውለቅ ጀመረች። ጓንቷን ስትስበው ውስጡ የተጠራቀመው ላብ ከጣሳ እንደሚደፋ ውሃ መሬት ላይ ፈሰሰ። መነጽሩና ማስኩ ሲወርዱ አፍንጫዋና ጉንጮቿ ላይ የተቦረቦረ መስመር ታየ። ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኖቿን ጨፍና ቆመች። እንዲህ ደክማ አይቷት አያውቅም። ወይም ቤት ስትመጣ ይህን ሁሉ በር ላይ ትታው ትገባ ነበር።

ዓይኗን ስትገልጥ አየችው። ከአጥሩ አሥር እርምጃ ያህል ርቃ፣ ገመድ የተወጠረበት ድረስ መጣች።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም።»

«ከስተሃል።»

«አንቺ ነሽ የከሳሽው።»

ያዘጋጀውን አላላትም። ሲፈልግ ሲፈልግ ያገኘው ሌላ ነበር፤ «ምን ላምጣልሽ?»

«ለእኔ ምንም አልፈልግም» አለችና አሰብ አደረገች። «እንዳለ፣ ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው በጀርባው መተኛት አይችልም። ቀና ማለት አለበት። አልጋዎቹ ዝርግ ናቸው፤ ትራስ ደራርበን እናስደግፋቸዋለን፣ ይንሸራተታሉ። ትናንት አንድ አባት ከባምባሲ መጡ፤ ቀኑን ሙሉ ሁለት ሆነን ጀርባቸውን ይዘን ዋልን። በቀርከሃ መደገፊያ ልትሠራልኝ ትችላለህ?»

«ስንት?»

«ስንት ትችላለህ?»

በማግስቱ ሁለት ይዞ መጣ። መደገፊያዎቹን በገመድ ጎትተው አስገቧቸው፤ በበረኪና አጠቧቸው። ከሰዓት በኋላ የዝና በእጇ አየር ላይ እየሳለች አረመችው፤ «በጣም ቀጥ ብሏል፤ ትንሽ ወደ ኋላ ይተኛ። ከታች ደግሞ መርገጫ ይኑረው፣ እንዳይንሸራተቱ።» ሦስተኛው ልክ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያለ ትእዛዝም ያለ ደንበኛም፣ ከማለዳ ጀምሮ መደገፊያ ብቻ ይሠራ ጀመር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አጥሩ ጋ ይገናኛሉ። እሱ ከወዲህ፣ እሷ ከገመዱ ወዲያ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ «እንዴት ዋልሽ?» ሲላት መልሱን ቁጭ ብሎ ሰማ። የታማሚዎቹን ስልክ ጆሯቸው ላይ ይዛ ከቤተሰባቸው እንደምታገናኛቸው ነገረችው። የባምባሲው አባት ስለ በሬዎቻቸው እንጂ ስለ ራሳቸው እንደማይጠይቁ ነገረችው፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ማረፋቸውን፣ ለልጃቸው የደወለችውም እሷ መሆኗን። አለቀሰች። አጥሩ ባይኖር ብሎ ተመኘ። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ሁሉ ብቻዋን ተሸክማ «ትንሽ» እያለች ስትገባ፣ እሱ ያኮርፍ ነበር።

ተራዋ ደርሶ፣ ማቆያ ሰንብታ ስትወጣ፣ አንድ ሳምንት ሼዱ ውስጥ አብራው ትኖራለች። በበረኪና የተሰነጣጠቁ እጆቿን ቫዝሊን ይቀባላታል፤ አንድ በአንድ፣ ጣት በጣት። «ያን ሰኞ…» ብሎ ሊጀምር ይፈልጋል። እጇ መዳፉ ውስጥ እያለ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ነገ እነግራታለሁ ይላል። ነገ ደግሞ ትስቃለች፤ ሳቋን ማቋረጥ አይፈልግም።

ከማዕከሉ በሰላም ከወጡት አንዷ ኢንዓም ነበረች፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትነግድ የበርታ ሴት። በወጣችበት ቀን ቀጥታ ሼዱ ድረስ መጥታ በር ላይ ቆመች። በአማርኛዋ ወንዱም ሴቱም «እሱ» ነው።

«የሲስተር ባል አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«አሥራ ስምንት ቀን እኔ እዚያ ተኛ። ወላሂ፣ እናቴ እንደሱ አላጠበኝም። ሲስተር የዝና አጠበኝ። ጸጉሬን እሱ ሠራ።» ዓይኗን በሻርፕዋ ጠረገች። «ወንበሩን አንተ ሠራ፣ አይደል? አልሐምዱሊላህ። አላህ ሁለታችሁን ያቆይ።»

ከሰዓት በኋላ ይህን ለየዝና ሲነግራት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ጸጉሯ በጣም ተቋጥሮ ነበር» አለች ብቻ።

ዓመቱ ዞረ። ታኅሣሥ ላይ ድባጤ ውስጥ በደረሰው ግጭት ወይዘሮ ማሚቱ ቤታቸውን ጥለው ወደ ግልገል በለስ ሸሹ፤ መንገዱም ተዘጋ። የዝና በየቀኑ ትደውልላቸዋለች፤ «ደህና ነኝ እማ» ትላቸዋለች። መጋቢት ላይ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ አጥሩ ጋ አልመጣችም። ለእንዳለ ደወለችለት።

«ትንሽ አሞኛል።»

«ትንሽ» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ እንዳለ አሁን ያውቃል። 

የማዕከሉ ኃላፊ ገቢሳ የሚባል ነበር፤ ከመጀመሪያው ቀን አብሯት የሠራ ጤና መኮንን። ሦስት ቀን በስልክ «ኦክስጅን ላይ ናት፣ እየታገለች ነው» ሲለው ቆይቶ፣ በአራተኛው ቀን አጥሩ ድረስ መጣ። «ና ግባ» አለው። «እኔ አለብስሃለሁ።»

ነጩን ልብስ አለበሰው፤ ጓንቱን ደራረበለት። እንዳለ ገና በሩ ላይ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። አንድ ዓመት ሙሉ የለበሰችው ይህን ነው ብሎ አሰበ።

የዝና ቀና ብላ እሱ የሠራውን መደገፊያ ተደግፋለች። የኦክስጅኑ ጭምብል ፊቷን ግማሽ ሸፍኖታል። ስትመለከተው ከሠራተኞቹ አንዱ መስሏት፣ «ሰባት ቁጥር ውሃ ይፈልጋሉ» አለችው በሚቆራረጥ ትንፋሽ።

«ዝኔ፣ እኔ ነኝ።»

ትክ ብላ አየችው። ዓይኖቿ ቀስ በቀስ ሞሉ።

«ማን አስገባህ?»

«ገቢሳ።»

«ጓንትህ… በደንብ ገብቷል?»

«ገብቷል።»

አየር ሳበች። ከዚያ ጭምብሉ ስር ፈገግ ያለች መሰለው። «ይሄኛው ይጎረብጣል» አለች ወደ ጀርባዋ እየጠቆመች።

«አስተካክለዋለሁ።» እጇን ያዘ፤ በሁለት ጓንት ውስጥ ሙቀቷ ሩቅ ነበር። «ያን ሰኞ መዞር ነበረብኝ፣ ዝኔ። ቆመሽ እንደነበር አውቃለሁ። አውቄ ነው ያልዞርኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ይቅር በይኝ። ሥራሽን አላውቀውም ነበር። ምን ያህል ሰው እንደሆንሽ አላውቅም ነበር።»

ትንፋሿን ሰበሰበች። «ኋላ ግን… አንድ ቀን አልቀረህም» አለች። «ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ… እንደ ልጃገረድ ነበር የሚያደርገኝ።»

ከዚያ በላይ እንድትናገር አልፈለገም። ገቢሳ ትከሻውን እስኪነካው ድረስ እጇን እንደያዘ ተያዩ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እንዳለ አጥሩ ጋ ቆሞ ነበር። ገቢሳ ልብሱን አውልቆ ግቢውን አቋርጦ መጣ፤ ገመዱ ጋ ሲደርስ አንገቱን ደፋ። መናገርም አላስፈለገውም።

ስድስት ሰዎች ሆነው ቀበሯት። የሚያለቅስ ሰው የሚደገፍበት ትከሻ አልነበረም፤ ሁሉም ተራርቆ ቆሟል። ግልገል በለስ ያሉት እናቷ የሰሙት በስልክ ነው። የሰፈሩ ሰው ምግብ እያመጣ ሼዱ በር ላይ አስቀምጦ ይመለሳል። አገኘሁሽ መንገዱ ማዶ ቆማ፣ «እንዳለ፣ ይቅር በለኝ! በእመቤቴ ይቅር በለኝ!» እያለች ጮኻ አለቀሰች። እጁን አንስቶ «እሺ» አላት። ኢንዓም ብቻ በርጩማ ይዛ መጥታ፣ ከበሩ ፈንጠር ብላ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀመጠች። ሲያለቅስ ታለቅሳለች፤ ዝም ሲል ዝም ትላለች።

ሐምሌ ላይ መንገዱ ሲከፈት እንዳለ ሦስት ቀን ተጉዞ ግልገል በለስ ገባ። ወይዘሮ ማሚቱ ከአንድ ዘመዳቸው ግቢ በተሰጠቻቸው ጠባብ ክፍል በር ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። ሲያዩት ጎመኑ ከእጃቸው ወደቀ። እሱ ግን እንደለመደው ሁለት እርምጃ ርቆ ቆመ፤ ማስኩን አላወለቀም።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ ልጄ» አሉት፣ ሰላምታም ሳይሰጡ። «ብቻዋን ነበረች?»

በመንገዱ ሁሉ የፈራው ይህን ጥያቄ ነበር። «አብሬያት ነበርኩ» ሊላቸው ቃጣው። ተወው።

«እኔ አጥሩ ጋ ነበርኩ እማማ። አላስገቡኝም፤ ያስገቡኝ በዋዜማው ነው። ስታርፍ እጇን የያዛት ገቢሳ ነው፤ አብሯት የሚሠራው። እስከ መጨረሻው አለቀቃትም።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ተመስገን» አሉ። «የስንቱን እጅ ስትይዝ ኖራ የሷን የሚይዝ ሰው አጣች ብዬ ነበር። አራት ወር እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።»

ከዚያ ጎመኑን እየረገጡ ተነሱና መጡ። እንዳለ «እማማ፣ እንዳልነካዎት» ብሎ ወደ ኋላ ሲል፣ ክንዱን ይዘው ሳቡት፤ ራሱን ትከሻቸው ላይ አሳርፈው በሁለት እጃቸው አጥብቀው ያዙት። የዝና ከሞተች ጀምሮ ሰው ያቀፈው ገና ያን ቀን ነው። እንዳለ እንደ ሕፃን ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ።