ሐምራዊ ተብሎ የተሸጠው ኮራል

ሰውየው በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ጭንቅላቱ ከገንዳው የብረት ማቆሚያ ሥር፣ እግሮቹ ወደ በሩ፣ ስልኩ ከቀኝ እጁ አንድ ክንድ ያህል ርቆ። ከጭንቅላቱ ሥር በሦስት የታጠፈ ፎጣ አለ። ፎጣውን ያየ ሁሉ ዝም ብሎ አለፈው፤ መርማሪዋ ግን ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየችበት።

ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ሆና አይደለም፤ እንዲያውም ደልደል ያለች ናት። ነገር ከነካች ሳትበሳው ስለማትወጣ ነው።

ክፍሉ ይሞቃል፤ ወበቁ ያፍናል። በግድግዳዎቹ ዙሪያ የመስታወት ገንዳዎች ተደርድረዋል፤ ዓሣ የለባቸውም፣ ኮራል ብቻ ነው። ኮራል ማለት ድንጋይ መስሎ የሚኖር፣ ነፍስ ያለው የባሕር ፍጡር ነው። ሰው ይህን ከባሕር አውጥቶ ለምን በየሳሎኑ እንደሚያሳድገው እኔን አትጠይቁኝ፤ የሚያሳድጉት ግን ለቀለሙ ያብዳሉ። ሟቹ እያራባ፣ ፎቶውን በስልክ ገጹ ላይ እየለጠፈ ይሸጥላቸው ነበር።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አለ ሳጅኑ፤ ቶሎ መጨረስ የሚወድ ሰው ነው። «አስከሬኑን ያየው ሐኪም፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ሰባት ባለው ጊዜ ነው የሞተው ይላል። ክፍሉ ስለሚሞቅ ከዚህ አላጠብበውም አለ። እኛ ግን እናጠብበዋለን። ስድስት ከሃያ ላይ ከራሱ ስልክ ፎቶ ተለጥፏል።»

«ቀድሞ ተነሥቶ ቢሆንስ?»

«አይሆንም። የገንዳዎቹ መብራት በሰዓት የታዘዘ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ሰማያዊ ነው፤ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ነጭ ይሆናል። ፎቶው ደግሞ በነጭ መብራት የተነሣ ነው። ስለዚህ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ በሕይወት ነበር። ሰባት ላይ ባለቤቱ ምሳ ይዛ ስትመጣ ሞቶ አገኘችው። በመካከሉ እዚህ ቤት የነበረችው ሠራተኛዋ ብቻ ናት። የቤቱንም በር ከውስጥ የቆለፈችው ራሷ ነች።»

መርማሪዋ ወደ ጓዳው አመራች።

ሠራተኛዋ ጓዳ ውስጥ የጨው ከረጢት ላይ ተቀምጣለች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። የቀሚሷ ደረት በወተት ርሷል፤ በሻርፕ ልትሸፍነው ትሞክራለች።

«ስንት ወሩ ነው?» አለች መርማሪዋ።

«ሦስት ወር። ጎረቤት ዘንድ ትቼው ነው የመጣሁት። ስምንት ሰዓት ላይ መጥቼ አጥብቼው እመለሳለሁ ብዬ። እባክዎ፣ ጡጦ አይዝም። ጣቢያ ካስገቡኝ ምን ይሆንብኛል?»

«አንቺ እውነቱን ንገሪኝ። ስንት ሰዓት ገባሽ?»

«ስድስት ሰዓት። ከወለድኩ ወዲህ ግማሽ ቀን ነው የምሠራው። የፎቶ ክፍሉ ተዘግቶ ነበር። ከተዘጋ ጋሼ ፎቶ እያነሣ ነው ማለት ነው፤ በር ከተከፈተ ብርሃን ይበላሽበታል፣ ይቆጣል። ስለዚህ እዚሁ ጓዳ ገብቼ የጨው ውሃ ሳዘጋጅ ነበር።»

«ቦርሳሽ ውስጥ የተሰባበረ ነጭ ሴራሚክ ተገኝቷል። ምንድን ነው?»

ሠራተኛዋ አንገቷን ደፋች። ከኮሪደሩ የሟች ባለቤት ድምፅ መጣ፤ በር ላይ ቆማ ስትሰማ ኖሯል።

«መልስ የላትማ! ቤቴን አምኜ ሰጥቻት ባሌን ገደለችብኝ። ነፍሰ ገዳይ። ለልጅሽ እንኳ አታዝኚም?»

ሠራተኛዋ ሻርፗን ወደ አፏ ወስዳ አለቀሰች። ስለ ሴራሚኩ ግን ትንፍሽ አላለችም። ሳጅኑ ካቴናውን ነካ ነካ አደረገ።

በፊተኛው ክፍል ሁለት ወንዶች ተቀምጠዋል። አንደኛው የጥርስ ሐኪም ነው፤ ጠዋት እዚህ ቤት መጥቶ ሲጮህ ጎረቤት ሰምቶታል።

«ጮኼአለሁ፣ አልክድም» አለ። «ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ከዚያ ክሊኒኬ ገብቼ እስከ ምሳ ሰባት ሰው አክሜአለሁ። ይመሰክራሉ፤ አፋቸው ከተላቀቀላቸው።»

«ምን አስጮኸዎት?»

«ሐምራዊ ብዬ የገዛሁት ኮራል ቡናማ ሆኖ መጣልኝ።»

«ፎቶ አምኖ መግዛት የእርስዎ ጥፋት አይሆንም?»

ሐኪሙ ቅር አለው። «እመቤቴ፣ የእኔ ሥራ ቀለም መለየት ነው። ነጭ ጥርስ ስንት ዓይነት መሰለዎት? ኮራል በሰማያዊ መብራት ሥር ሁሉም እንደ ጌጥ ያበራል። ስለዚህ እኔ ኮራሉን አይደለም የማየው፤ አጠገቡ ያለውን ነው። አሸዋው ሰማያዊ ከመሰለ፣ ያ ውበት የመብራቱ ነው። እሳቸው ደግሞ ሐቀኛ ነበሩ። በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ነጭ ሴራሚክ ከኮራሉ ጎን ያስቀምጣሉ፤ ‹የዚህን ሰማያዊነት ቀንሳችሁ እዩ› ብለው ይጽፋሉ። ቀለም የማይነካኩ እሳቸው ብቻ ናቸው።»

«የገዙት ኮራል ፎቶ ላይስ?»

«ሴራሚኩ ድፍን ነጭ ነበር። አመንኩ። ጠዋት ፎቶውን ሳሳያቸው ግን ክው አሉ። ‹ይህን እኔ አልለጠፍኩም› አሉኝ። ከዚያ ዞረው ወንድማቸውን አዩት።»

ሁለተኛው ሰው ይኸው ወንድም ነው፤ የሟች ታናሽ፣ የስልክ ገጹን አብሮት የሚያስተዳድር። ጸጉሩ ገና መቆረጡ ነው፤ ዓይኖቹ በለቅሶ ቀልተዋል። እንባው የውሸት አልነበረም፤ ይህን ለመናገር ግድ ይለኛል።

«ፎቶውን ነካክተሃል?»

«ትንሽ አሳምሬው ይሆናል። ሁሉም ያሳምራል። ወንድሜ ብቻ ነው ግግም የሚለው። ጠዋት ተናገረኝ፣ ይቅርታ ጠየቅኩት፣ አለቀ።»

«ስንት ሰዓት ወጣህ?»

«አምስት ሰዓት። ስወጣ ለፎቶ እየተዘጋጀ ነበር፤ ደህና ዋል ተባብለን ተለያየን። ከዚያ እስከ ሰባት ተኩል ጸጉር ቤት ነበርኩ። ወረፋ ነበር። ያላየኝ ሰው የለም።»

«ፎቶውንስ መቼ ያነሣው ይመስልሃል?»

«ከስድስት በኋላ ነዋ። ፎቶው ላይ ይታያል፤ መብራቱ ነጭ ነው።»

መርማሪዋ ተመልሳ ወደ ፎቶው ክፍል ገባች። አስከሬኑ ተነሥቷል። ነጩ መብራት ገና አልጠፋም። የሟቹን ገጽ በስልኳ ከፈተች፤ ስድስት ከሃያ ላይ የወጣው ፎቶ ላይ ሐምራዊ ኮራል አለ፤ ከጎኑ አንድ ጥጉ የተሸረፈ፣ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሴራሚክ። ፎቶውን ከገንዳው አስተያየች። ኮራሉ ያው ነው። ሴራሚኩም ከነሽራፊው ያው ነው።

እናቷ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ደንበኛ ቀለም መርጦ ሲጨርስ ጨርቁን ይዘው በር ላይ ያወጡለታል፤ በፀሐይ ሳያየው አይሸጡለትም። መርማሪዋ እጅጌዋን ጠቀለለችና ሴራሚኩን ከውሃው አወጣችው። ወደ መስኮቱ ወሰደችው። አገላበጠችው።

ጓዳ ተመለሰችና ከሠራተኛዋ ጎን ከረጢቱ ላይ ተቀመጠች።

«ሴራሚኩን ሰብረሽዋል አይደል?»

«ትናንት ሳጥበው ከእጄ አመለጠ» አለች ሠራተኛዋ በመጨረሻ። «ጋሼ ለዚያች ሴራሚክ ነፍሱ ነው። ያባርረኛል ብዬ ፈራሁ። ከመታጠቢያ ቤቱ የተረፈ ቁራጭ ነበር፤ እሱን ተካሁበት። ስብርባሪውን የያዝኩት ልኩን ልገዛ ነው።»

«የተካሽው ምን ቀለም ነው?»

«ነጭ።»

«ስታስቀምጪው መብራቱ ምን ነበር?»

«አመሻሽ ነበር፤ ሰማያዊ ሆኗል።» ሠራተኛዋ ግራ ተጋባች። «ነጭ ነው የመሰለኝ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ሁሉም ፊተኛው ክፍል ተሰበሰቡ። ባለቤቲቱ ወንበር ላይ፣ ታናሽየው ከጎኗ፣ ሐኪሙ መስኮቱ ጋ፣ ሠራተኛዋ በሩ አጠገብ ከሳጅኑ ጎን ቆማለች። መርማሪዋ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

«ፎቶው ላይ ያለው ሴራሚክ ምን ቀለም ነው?» ብላ ታናሽየውን ጠየቀችው።

«ነጭ። አራት ዓመት ሙሉ ነጭ ነው።»

መሐረቡን ፈታችው። «ዶክተር፣ ይህስ?»

ሐኪሙ ሴራሚኩን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋው። «ይህ ነጭ አይደለም» አለ። «የቅቤ ቀለም ነው። የሲጋራ አጫሽ ጥርስ ብዬ የምመድበው።»

«ነጩ ትናንት ተሰብሯል። ሠራተኛዋ ልዩነቱን ሳታውቅ በዚህ ተካችው፤ በሰማያዊ መብራት ነጭና ቅቤ ስለማይለዩ። ፎቶው በነጭ መብራት ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሴራሚክ ቅቤ መስሎ ይታይ ነበር። እንደ ጥጥ የነጣው አንድ ሰው ፎቶው ላይ ስላነጣው ነው። ሴራሚኩ አሁንም የድሮው ነጭ ነው ብሎ የሚያምን ሰው። ስለዚህ ፎቶው የተነሣው በሰማያዊ መብራት ነው። ከስድስት ሰዓት በፊት።»

«ወንድሜ ራሱ አሳምሮት ይሆናል» አለ ታናሽየው።

«እሱ? ‹የዚህን ሰማያዊነት ቀንሳችሁ እዩ› የሚለው ሰው?» አለች። «ደንበኛው ሰማያዊውን ካላየ ምኑን ይቀንሳል? ሴራሚኩን ማንጣት የማን ሥራ እንደሆነ ዶክተር ጠዋት ይዘውት የመጡት ፎቶ ያሳያል። አሁን አስቡት። ይህ ፎቶ ማንን ይጠቅማል? ሠራተኛዋን አይጠቅምም፤ ሰውየው በሷ ሰዓት እንደሞተ የሚያስመስል እሱ ነው። የሚጠቅመው ጠዋት እዚህ ለነበረ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ ደግሞ ብዙ ሰው ያየው ሰው ነው። ጠዋት የነበራችሁት ሁለት ናችሁ። ዶክተር ከሄዱ በኋላ ወንድምህ በሕይወት እንደነበር አንተው ራስህ ነግረኸኛል። ፎቶ ደግሞ አሁን አዘጋጅቶ ‹በዚህ ሰዓት ውጣ› ብሎ ማዘዝ ይቻላል።»

ታናሽየው ሁለት እጆቹን በጭኖቹ መካከል ከተተ።

«በገጹ ላይ ስሜን ጽፎ ሊያዋርደኝ ነበር» አለ። «ቀለም የሚሰርቀው ወንድሜ ነው ብሎ። ተው አልኩት። እምቢ አለ። ገፋሁት እንጂ አልመታሁትም። ብረቱ ነው የመታው። የሞተ መሰለኝ።»

«አልመሰለህም» አለች መርማሪዋ። ድምፅዋ እዚህ ላይ ሻከረ፤ ተቆጥታለች። «ከጭንቅላቱ ሥር ፎጣ አጥፈህ አድርገህለታል። ለሞተ ሰው ትራስ አይሰጥም። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪምም ቁስሉን አይቶ ነግሮኛል፤ ከወደቀ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቷል።»

ባለቤቲቱ ቀስ ብላ ወደ ባሏ ወንድም ዞረች።

«ይተነፍስ ነበር?»

«እትዬ፣ ሐኪም ልጠራ ነበር። ምን ብዬ እንደማስረዳ ሳስብ… ሳስብ ዝም አለ።»

«ፎቶውንስ መቼ ሠራኸው?» አለችው ባለቤቲቱ።

ታናሽየው ፊቱን ከእሷ አዞረ። ሳጅኑ መጣና ክንዱን ይዞ አስነሣው፤ ወንድሙን የሚወድ ሰው እንዴት እንዲህ ያደርጋል ብዬ እኔም እስካሁን ይገርመኛል። ባለቤቲቱ ከወንበሩ ተንሸራታ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሠራተኛዋ ቦርሳዋን አንሥታ ወደ በሩ ስትሄድ ሴትየዋ የቀሚሷን ጫፍ ያዘችው።

«ነፍሰ ገዳይ አልኩሽ። በልጅሽ ተናገርኩሽ። ይቅር በይኝ።»

ሠራተኛዋ ጎንበስ ብላ አየቻት። ማልቀስ አቁማለች።

«ይቅር እልዎታለሁ፣ እትዬ። ዛሬ ግን አልችልም» አለች። «ልጄ ከጠባ አራት ሰዓት አልፎታል።»

የሴትየዋን ጣቶች አንድ በአንድ ከቀሚሷ አላቀቀችና ወጣች። ደረጃውን በሩጫ ስትወርድ ይሰማ ነበር።