የአርቮ ቀበቶ

ይህ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ከሰው አልሰማሁትም፣ አልጨመርኩበትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ፤ ያላየሁትንና ያልለካሁትን ነገር ማውራት አልወድም።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ሰሜን ሚሺጋን፣ ከሐይቁ ዳር ባለው ቤታችን ወጥ ቤት ውስጥ። ውጭ ቀጭን በረዶ ይጥላል።

ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።

ቢያንስ ያን ቀን...

ባለቤቴ አርቮ ከሞተ ስምንት ወር ሆኖት ነበር። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም። ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልገውን ብቻ ልንገራችሁ። ግራኝ ነበር። የአጋዘን አደን ሊከፈት ሲል የመንደሩን ሰው ሁሉ ቢላ የሚስለው እሱ ነበር። ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን ደግሞ የእኔን የወጥ ቤት ቢላ ስሎ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠልኝ።

ያ ስለት እጁ የሠራው የመጨረሻ ነገር ነው።

ስለዚህ ቆጠብኩት። በዚያ ቢላ የምቆርጠው እሑድ ብቻ ነበር። አንድ ሽንኩርት። ከዚያ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ወደ መሳቢያው እመልሰዋለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ባለፈው እሑድ ግን ቢላው የሽንኩርቱ ልጣጭ ላይ ተንሸራተተ።

ደንዟል።

ማክሰኞ ዕለት ጎረቤቴ ደልበርት የአደን ቢላውን ይዞ መጣ። በየዓመቱ በዚህ ሳምንት ይመጣል። እግሩ ለምዶት እንጂ የሚስልለት ሰው እንደሌለ ያውቃል። በር ላይ ቆሞ ቢላውን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ጫማውን ማራገፍ ጀመረ።

«ቅዳሜ አደን ይከፈታል...» አለ።

«አውቃለሁ። ግባ።»

የእኔ ቢላ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንሥቶ በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

«ይሄማ ሞቷል ቲቸር! ቅቤ ቢሰጡት እንኳ ይለማመጣል። ቆይ፣ ድንጋይ ላይ ሁለቴ ልሞርድልሽ።»

«አትንካው!»

ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። ደልበርት ቢላውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ድንጋይ ብረቱን ይበላዋል፤ የሱ ስለት አብሮ ያልቃል» አልኩት።

ገባው። አንገቱን አከከ።

«እንግዲያው ቆዳ ነዋ የሚያስፈልግሽ። ቆዳ አይበላም፤ ያለውን ስለት ያቃናዋል። የሱ መሳያ ቆዳ የታለ?»

«ክረምቱን አይጥ በላው።»

«አይጥ ደግሞ ጥርሱን ሊስልበት ነው?» አለና ብቻውን ሳቀ። ከዚያ ተወው። «ሥሪ። እንጨት፣ ቆዳ፣ ሙጫ። በቃ። እኔ ባለፈው ስሠራ ጣቴን አብሬ ለጥፌ፣ የኔዋ ሎይስ በሙቅ ውሃ ነው ያላቀቀችኝ። አንቺ ግን የሙጫ ሊቅ ነሽ።»

ቤት ውስጥ የነበረው ወፍራም ቆዳ አንድ ብቻ ነው። የአርቮ ቀበቶ። ቁም ሣጥኑ በር ላይ እንደተሰቀለ ነበር።

ዘለበቱን ፈታሁ። አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ቆረጥኩ። የጥድ ጣውላ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩና ሙጫ ቀባሁት።

«ሻካራውን ወደ ላይ!» አለ ደልበርት። «ቅባቱን የሚይዝልሽ እሱ ነው።»

«ለስላሳውን ነው የምፈልገው።»

«ለምን?»

በለስላሳው በኩል፣ ሲታጠቀው ኖሮ የወጣ ጭምድድ ነበረበት።

ለጠፍኩት። ላዩ ላይ ሁለት ወፋፍራም የኬሚስትሪ መጻሕፍት ጫንኩበት። ደልበርት የአደን ቢላውን ትቶልኝ ሄደ።

ረቡዕ ሙጫው ደርቋል። መሳያ ቆዳ ላይ የሚቀባውን አረንጓዴ የብረት መወልወያ ቅባት ቀባሁበትና ቢላዬን አሳረፍኩ። ጀርባው ይቀድማል፤ ስለቱ ከኋላ ይከተላል። ስለቱን ካስቀደማችሁት ቆዳውን ይሰነጥቀዋል። አሥር ጊዜ በአንድ በኩል፣ አሥር ጊዜ በሌላው። ከብረቱ የለቀቁ ጥቋቁር ጭረቶች አረንጓዴው ላይ ቀሩ። ሁሉም ወደ ቀኝ ያዘነበሉ ናቸው። ቀኝ እጅ እንዲያ ነው የሚስለው።

ቢላውን ከጣውላው በስተቀኝ አስቀምጬ ተኛሁ።

ሐሙስ ጠዋት ቢላው በስተግራ ነበር።

ረስቼ ይሆናል አልኩ። ሰው ይረሳል።

ጎንበስ ብዬ ቆዳውን አየሁ...

በእኔ ጭረቶች ላይ ሌሎች ጭረቶች ነበሩ። ወደ ግራ ያዘነበሉ።

የፊቱም የጓሮውም በር ከውስጥ እንደተቆለፈ ነው። በረዶው ላይ ዱካ የለም።

ተቀመጥኩ። ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ተቀመጥኩ።

«አርቮ?»

ስምንት ወር ሙሉ ስሙን በድምፅ ጠርቼው አላውቅም ነበር።

ቀኑ እሑድ ባይሆንም ሽንኩርት አወጣሁ። ቢላውን ገና ሳሳርፈው ሽንኩርቱ ለሁለት ተከፈለ። ድምፅ እንኳ አላሰማም። እንዲህ አድርጎ የሚስል ሰው በሕይወቴ አንድ ብቻ ነው የማውቀው።

የመጨረሻ ስለቱ የመጨረሻ መሆኑ ቀረ።

ልፈራ ይገባኝ ነበር። እውነቱን ከጻፍኩ አይቀር ግን... ያን ማታ የደልበርትን የአደን ቢላ ከጣውላው አጠገብ ትቼ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ የእንቅልፍ ክኒን ሳልውጥ ተኛሁ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደልበርት ቢላውን ሊወስድ መጣ። እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ ዕቃ አጥብ ነበር።

ቢላውን በብርሃን በኩል አየው። አፏጨ።

«ቲቸር! የት ተደብቀሽ ነው የኖርሽው? ሎይስን ልፍታትና አንቺን ላግባ?»

«ሎይስ ትስማህ።»

ሳቁ መሃል ላይ ቆመ። ክንዴን እያየ ነበር።

«ክንድሽን ማን ላጨው?»

አየሁት። ቀኝ ክንዴ ላይ፣ ከእጅ አንጓዬ ከፍ ብሎ፣ ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ጸጉር አልነበረበትም። ልሙጥ ነው።

«ቢላ የሚስሉ ሰዎች ስለቱን እንደዚህ ነው የሚፈትኑት» አለ ደልበርት፣ ቀስ ብሎ። «የራሳቸውን ክንድ እየላጩ።»

«እኔ አልፈተንኩም።»

«በቀኝ የሚስል ሰው ግራ ክንዱን ነው የሚላጨው። አንቺ ደግሞ ቀኝሽ ነው የተላጨው... በየትኛው እጅሽ ይዘሽ?»

እጅጌዬን ወደ ታች ሳብኩት።

ወደ ጣውላው ሄደና መዳፉን ቆዳው ላይ አሳረፈ። ወዲያው ሰበሰበው።

«ይሞቃል» አለ በሹክሹክታ።

«ምድጃው ነው።»

«ኮሪን... ምድጃሽ ጠፍቷል።»

ሁለታችንም ምድጃውን አየነው። ጠዋት ማገዶ መጨመር ረስቻለሁ። የተናገርን ቁጥር ትንፋሻችን ይታይ ነበር።

«ስጪኝ። ወስጄ ላቃጥለው።»

«አይሆንም።»

«እንግዲያው እኛ ቤት እደሪ። ሎይስ ሾርባ ሠርታለች።»

«አይሆንም ደልበርት።»

«አንድ ነገር ብትሆኚ ምን ይለኛል? አርቮ ምን ይለኛል?»

ያለውን ራሱ ሰማው መሰለኝ፣ ፊቱ ተለወጠ። ኮፍያውን አጠለቀና ወጣ። በማግስቱ አደን ይከፈታል፤ ቢላውን ግን ሳይወስድ ሄደ።

ያን ሌሊት ምንም አልሰማሁም። ጆሮዬን ጥዬ ነበር የተኛሁት። ምንም።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ሆን ብዬ ምድጃውን አላነደድኩም። ከጫካው ውስጥ የአዳኞች ተኩስ ይሰማል፤ አንድ፣ ቆየት ብሎ ሌላ። ከትምህርት ቤት ስሰናበት የሰጡኝን ቴርሞሜትር አወጣሁ። ወጥ ቤቱ ዘጠኝ ዲግሪ ነበር። ጣውላው ዘጠኝ። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ዘጠኝ።

ቆዳው ላይ አሳረፍኩት።

ሠላሳ ሦስት።

እንደገና ለካሁ።

ሠላሳ ሦስት። ይህን ቁጥር አውቀዋለሁ። ተማሪዎቼን በየዓመቱ የገዛ ክንዳቸውን ሙቀት አስለካቸው ነበር።

መሳል እንደሌለብኝ ያኔ መረዳት ነበረብኝ። እኔ ግን ልማዴን ያዝኩ። ቢላዬን አነሣሁ፣ ጀርባውን አስቀድሜ ላሳርፍ ጎንበስ አልኩ...

መነጽሬን አወለቅሁ። ጠርጌ መልሼ አደረግሁት።

አረንጓዴው መወልወያ እንደ ቅርፊት ተነሥቶ ወደ ዳር ተገፍቷል። ከሥሩ ጸጉር ነበር።

አጭር፣ ቀጭን፣ ነጣ ያለ ቢጫ። ከቆዳው ውስጥ የበቀለ። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ተኝቷል።

ያ ቀበቶ ሲገዛ አብሬው ነበርኩ። ቆዳው ከተለፋ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው።

ቢላው እጄ ላይ ነው። ስለቱ በሚቀጥለው ወር፣ ግፋ ቢል በሁለት ወር፣ እንደገና ይደነዝዛል። ይህን አውቃለሁ። በስምንት ወር አንድ ነገር ብቻ ነበር እንዳይጠፋብኝ የጠበቅሁት።

ብረቱን እዚያ ላይ ላሳርፈው አልቻልኩም።

ቢላውን ወደ መሳቢያው መለስኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ አልሳልኩትም።

ባዶ እጄን ዘረጋሁ። በጣቴ ጫፍ፣ በጣም በቀስታ፣ ጸጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ዳበስኩት።

በዚያ መሃል ያልቆለፍኩት የጓሮው በር በነፋስ ገርበብ ብሎ ተከፈተ። ብርድ ገባ።

ቆዳው ውርር አለ።

ዓይኔ ሥር፣ ጣቴ ሥር። ጥቃቅን ነጠብጣቦች ከዳር እስከ ዳር እየተነሡ ሄዱ። ጸጉሩም አንድ በአንድ ቆመ፤ ልክ እንደበረደው ሰው ክንድ...

ሄጄ በሩን ዘጋሁ። ምድጃው ውስጥ እንጨት ደረደርኩና ለኮስኩ። ሦስት ክብሪት ፈጀሁ። ከዚያ ወንበሬን ስቤ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

እሳቱ ሲይዝ፣ ቀስ በቀስ፣ ጸጉሩ ተመልሶ ተኛ።