ገጹን ሰውር

ሰውየው ኮቱን በልብስ ማጠቢያ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ዘረጋ። የኮምፒውተር ፍላሹ ገበሩ ውስጥ ነው።

«እድፉ ይለቃል?»

«የማይለቅ እድፍ የለም፤ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ» አለ አጣቢው።

የይለፍ ቃሉ ገጠመ። ከካውያው እንፋሎት ጀርባ የሰውየው አለቃ ብቅ አለ። በስለላ ድርጅቱ ውስጥ ስሙ «አጎቴ» ነው። የሰውየው ደግሞ «እንግዳ»።

እንግዳ ብራውዘር የሚሠራ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተሰግስጎ ከርሟል። ሥራው ተጠቃሚዎች «ይህ ይጨመርልን» እያሉ የሚልኩትን ማንበብ፣ የተጨመረውንም መፈተሽ ነው። ፊደሉ ይጉላ። ማስታወቂያው ይቅር። አንዱማ «አለቃዬ ሲመጣ ብራውዘሩ ያስነጥስልኝ» ብሏል።

አንዲት ሴት ደግሞ እንዲህ ጻፈች፦ «ባለቤቴ ስልኬን ይፈትሻል። የማነበውን ባንድ ንክኪ የሚሰውር ቁልፍ ብትሠሩልኝ።»

ድርጅቱ የሚፈልገው ይህንኑ ነበር።

ጥያቄውን ይዞ ወደ ፕሮግራመሯ ሄደ። ቢሮው ሁሉ «እትዬ» ይላታል።

«አንተዬ፣ ይቺን ልጅማ አናሳፍራትም» አለች። ምሳዋን ሳትበላ ጀመረችው።

እሱም ሲፈትሸው ቀዳዳ አበጀበት። ሰው በቁልፉ የሚሰውረው ሁሉ ለድርጅቱ ይደርሳል። የተፈለገው አንድ የጦር መሣሪያ ደላላ ብቻ ነበር። የቀዳዳው መክፈቻ ፍላሹ ላይ ነው።

አጎቴ ከኮቱ ያወጣውን ፍላሽ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካ። አነበበ። ፈገግ አለ።

«ደላላው የተደበቀበት ተገኘ። ጎበዝ!»

«እንግዲያው ቀዳዳውን ልድፈነው።»

«የምን መድፈን? ያን ቁልፍ የሚነካ ሁሉ የሚደብቀው አለው።»

«ለአንድ ሰው ነው ያልከኝ!»

«ያቺ ጠያቂህ እንኳ፣ ባሏ እኛው ዘንድ ነው የሚሠራው። ከእንግዲህ ስልኳን በመፈተሽ አይደክምም።»

እንግዳ ወደ በሩ ዞረ።

«መልቀቂያህን አስገብተንልሃል» አለ አጎቴ፣ ኮቱን እያጠፈ። «ለእትዬህ ከተነፈስክ እሷንም እንወስዳታለን።»

ወደ መሥሪያ ቤቱ ሮጠ። የቢሮው በር ካርዱን አልተቀበለም።

ቀይ መብራት።

እትዬ ከውስጥ አይታው ከፈተችለት።

«ለቀቀ አሉኝ! ሳትሰናበተኝ? ወይ አንተ! ስማ፣ ያቺ ልጅ ጽፋልናለች። የምትከራየው ቤት አግኝታ ነገ ባሏን ትታ ልትወጣ ነው። በኛ ቁልፍ ተደብቃ ነው የፈለገችው!»

ከጎዳናው ማዶ የአጎቴ መኪና ቆማለች። መስኮቷ ዝቅ ብሏል።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለ።

እትዬ እጁን በሁለት እጇ ጨበጠች። «ያንተ ሥራ እኮ ነው።»

ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ስም በሌለው አድራሻ ለመሥሪያ ቤቱ የጥያቄ መቀበያ ጻፈ፦ «ገጹን ሰውር የሚለውን ቁልፍ ዛሬውኑ አጥፉት። የተሰወረውን ሌላ ሰው ያየዋል።»

መልሱ ወዲያው መጣ። «ጥያቄዎ ደርሶናል። በቂ ደጋፊ ሲያገኝ እናየዋለን።»

ይህን መልስ ያዘጋጀው ራሱ ነበር። ጥያቄዎቹን የሚያነበውም ራሱ። አሁን ወንበሩ ባዶ ነው።

ከጥያቄው ሥር «ድጋፍ» የሚለውን ነካ። አንድ። ተነስቶ ከጎኑ ባለው ኮምፒውተር ነካ። ሁለት። ወደ ቀጣዩ ሄደ።

«ወንድም፣ ማሽኑ አልሠራ አለህ እንዴ?» አለ የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት።

«የለም፤ ደህና ይሠራል።»

ከፍሎ ወጣ። አውቶቡስ ከሚጠብቁት ሰዎች ኋላ ተሰለፈ። ሁሉም ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። ከፊቱ ያለች ሴት የሆነ ነገር ስታነብ ቆይታ፣ ሰው ሲጠጋት ጊዜ ማያውን በአውራ ጣቷ ነካችው።

ገጹ ተሰወረ።

እንግዳ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ማንም ዞሮ አላየውም።