ገረባው እስኪነቃ

«ዮርዲ፣ ይሄ ነገር ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚፈላው?»

ትናንት ጭጭ ብሎ የዋለው ጠርሙስ ዛሬ እንደ ሽሮ ይንተከተካል። ዊዳድ ደስ ሊላት ሲገባ ልቧ ፈራ። ከቀፊራ ገበያ የለቀሙት የጫት ገረባ፣ ተቅሞ የተረፈው ቅጠል፣ ታሽጎ ሲበሰብስ ሃይድሮጅን ይሰጣል ብለው ወር ሙሉ ለፍተዋል። «ከፍየል የተረፈውን ቆሻሻ ንጹሕ ነዳጅ እናደርገዋለን!» ብለው ለክፍሉ ሁሉ ፎክረዋል። በዛሬው የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ትርኢት ያሸነፈ አዲስ አበባ ሄዶ ይወዳደራል። ዳኞቹ ደግሞ አጠገባቸው ያለው ጠረጴዛ ደርሰዋል።

ዊዳድ ጎንበስ ብላ አየች። ከቅጠሉ ሥር ፎይል ብልጭ አለ።

«አቦ፣ እንደዚህ አትዪኝ!» አለች ዮርዲ በሹክሹክታ። «ሌላ ጠርሙስ ነው፤ ፎይሉ ላይ የቱቦ ማጽጃ ጨመርኩበት። የኛማ ወፍ የለም! ይሄም እኮ ሃይድሮጅን ነው፤ ክብሪት ሲቀርበው ጧ ይላል። ማን ያውቃል?»

«የኛስ የታለ?»

«ጠረጴዛው ሥር። ዊዱ፣ ካጋለጥሽኝ ሁለተኛ አላናግርሽም።»

ከኬጂ ጀምሮ አንድ ወንበር ነው የተቀመጡት። ዊዳድ ተንበርክካ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ጠርሙስ ነካችው፤ በእርጥብ ጆንያ እንደተጠቀለለ ነው። ድሬ ላይ የሚወዱትን ነገር ከፀሐይ ይሸሽጉታል፤ ውሃውንም፣ ወተቱንም። እሷም ጧትና ማታ ጆንያውን ስታረጥብ ከርማለች። ጠርሙሱ ቀዝቃዛ ነበር።

«ባክቴሪያዎቹ ሙቀት ይወዳሉ» ያሉት ቲቸር ይትባረክ ትዝ አሏት። ያ አላህ! ያስተኛኋቸው እኔው ነኝ!

«እህ ልጆች፣» አሉ ዳኛዋ ወይዘሮ ሽታዬ፣ ክብሪት እያወጡ። «ይሄ ጋዝ ከገረባው የወጣ ነው?»

ዮርዲ የዊዳድን እጅ ጭምቅ አደረገች። አንድ «አዎ» ብቻ ይበቃ ነበር።

ዊዳድ እጇን አላቀቀች። ከሥር ያለውን ጠርሙስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ጆንያውን ገፈፈችው።

«አይደለም። ያ ከፎይል ነው። የገረባው ይሄ ነው» አለች። «እኔ ነኝ አቀዝቅዤ ያበላሸሁት። ባክቴሪያዎቹ ገና አልነቁም።»

ወይዘሮ ሽታዬ ሁለቱን ልጆች አየት አየት አደረጉና ክብሪቱን ኪሳቸው ከተቱ። «እንግዲያው ሌሎቹን አይተን እንመለሳለን።»

ዮርዲ ፊቷን አዞረች። ዊዳድ ዓይኗን ጠርሙሱ ላይ ተከለች። አንድም አረፋ የለም።

ትንሽ ቆይቶ ዮርዲ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ዊዳድን ሳታያት ወደ መስኮቱ ሄደችና መጋረጃውን ጥግ ድረስ ሳበችው። የድሬ ፀሐይ ወለሉ ላይ ተዘረጋች።

«ወደዚህ አስጠጊው» አለች።