ሩዌንዞሪ ላይ ከኋላዬ የጠየቀኝ

ጅን አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ የሚል ሰው ሲገጥመኝ ወይ ጠጥቷል ወይ ሊያታልለኝ ነው ብዬ ፊቴን አዞራለሁ፣ እናቴ እንኳ ዛር አለብኝ ስትል ያለብሽ ድህነት ነው እላት ነበር፣ ዛሬም ሐሳቤ ያው ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ ከብዙ ዘመን በኋላ ስለሆነ አሳምሬ መጻፍ አልችልም፣ አሳምሬ መዋሸትም አልችልም። የሆነውን ልንገርህ፣ ካመንክ እመን፣ ካላመንክ የራስህ ጉዳይ።

እዚህ ካምፓላ፣ ኪሱጉ ውስጥ ጎሚስታ ነኝ፣ ቦዳ የሚሉትን የታክሲ ሞተርና የመኪና ጎማ እለጥፋለሁ። ከፊት ለፊቴ ሰይድ የሚባል የወሎ ልጅ ሱቅ አለው። በኮሮና ጊዜ ተቀምጦ ተቀምጦ ስኳር ያዘውና ሐኪሙ እግርህን አንቀሳቅስ አለው፣ እሱ ደግሞ አንድ ነገር ከያዘ ልክ አያውቅም፣ መንገድ ሲከፈት ሩዌንዞሪ ካልወጣሁ አለ፣ ኮንጎ ድንበር ላይ ያለ ጫፉ በረዶ የሆነ ተራራ ነው። ካባላጋላ ሰፈር ምግብ ቤት ያላት ዘነቡም እሄዳለሁ አለች። እኔን የጋበዘኝ የለም፣ ብጋበዝም እሺ አልልም ነበር።

ሊሄዱ ሲሉ የሰፈራችን ሽማግሌ ሐጂ ኑሩ አስጠሩኝ። ያኔ ወሎ ጦርነት ነው፣ ስልክ ተቆርጧል፣ ወሬ የሚመጣው በሞያሌ በኩል በሚገባ ሾፌር አፍ ነው፣ አንዱ ሾፌር የሰይድ ታላቅ ወንድም መሐመድ ሞቷል ብሏቸዋል። አባት ሆኖ ያሳደገው እሱ ነው። መርዶ ደግሞ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ቆሞ ነው። ሐጂ ያሰቡት ይሂድ ነው፣ ተራራው ላይ ኔትወርክ ስለሌለ ከሌላ አፍ አይሰማም፣ እስከዚያ ሌላ ሾፌር ይመጣና ነገሩ ይጣራል፣ ሲመለስ ዓርብ ጠዋት ቤቱ ሄደን እንነግረዋለን አሉ።

«አንተም አብረህ ሂድ ደምሴ፣ ፊትህ ሁልጊዜ የተቆጣ ስለሆነ ኀዘን አይታወቅብህም» አሉኝ። እንዲህ ተብዬ ነው ተራራ የወጣሁት።

ለዘነቡም ተነግሯታል። ደጋ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች እንደ ፍየል ነው የምትወጣው፣ ጅብራና አስታ ባየች ቁጥር ያገሬ ዛፍ እያለች ትዳብሳለች፣ እኔ ረግረጉ ቦቲዬን ሲውጠው ስሳደብ ከካባላጋላ ቁልቁለት ሌላ መች አውቀህ እያለች ትስቅብኛለች። ሰይድ ደስ ብሎታል፣ ይህን መሐመድ ቢያየው ይላል፣ የመሐመድን ስም ባነሳ ቁጥር ዘነቡ የጫማ ማሰሪያዋን ልታስር ታጎነብሳለች፣ ቦቲ ደግሞ ማሰሪያ የለውም።

ከፍ ካልን በኋላ ከቀትር ጀምሮ ጉሙ ይወርድ ጀመር፣ ጉም ስልህ እጅህን ዘርግተህ ጣትህን የማታይበት ነው። ሰይድ በየመታጠፊያው እየቆመ ወደኋላ ያያል። «አንድ ዕቃ ተሸካሚያችን ወደኋላ ቀርቷል፣ ያስለዋል፣ እንጠብቀው» ብሎ ለመሪያችን ለባሉኩ ነገረው። ባሉኩ የዚያው ተራራ ልጅ ነው፣ ተሸካሚዎቹ ሁሉ በጠዋት ቀድመው እንደሄዱ፣ በዚህ መንገድ ሌላ ቡድን እንደሌለ ነገረንና ከዚያ በኋላ እርምጃውን አፈጠነ። ችኮላው አልጣመኝም።

እነሱ ቀደሙ፣ እኔ የመጨረሻው ሆንኩ። ያኔ ነው የሰማሁት፣ ቦቲ ከጭቃ ሲነቀል የሚያወጣውን ድምፅ፣ የእኔ እግር ከተነቀለ በኋላ ሌላ ይነቀላል። ብቆም ወዲያው አይቆምም፣ አንዴ ይጨምርና ይቆማል። የገደል ማሚቶ ነው እንዳትለኝ፣ እኔ ጎማ ከየት እንደሚተነፍስ በጆሮዬ የምለይ ሰው ነኝ፣ እመነኝ፣ እግር ነበር። ዞሬ አየሁ፣ የራሴ ዱካ ውሃ እየሞላ ነው፣ ሌላ ዱካ የለም። ደክሞኛል አልኩና ቀጠልኩ።

ወደምናድርበት ጎጆ ልንደርስ ስንል ረግረጉ ላይ የተረበረበ እንጨት አለ፣ ያንን ስረግጥ አንድ ወንድ ከጀርባዬ፣ በአማርኛ፣ የዕቃ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ቀስ ብሎ፦

«ነገርከው?» አለኝ።

ወዳጄ፣ ሥራ ላይ ሆነህ ከኋላ ሲጠይቁህ ሳትዞር እንደምትመልሰው፣ እኔም ሳልዞር «ዓርብ» አልኩት። ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። በዚያ ተራራ ላይ አማርኛ የምናውቅ ሦስት ሰዎች ነን፣ ሁለቱ ከፊቴ ናቸው።

«እስከዚያ ልጠብቅ?» አለኝ ደግሞ።

ሳልዞር ሮጥኩ። ሰይድ ጎጆው በር ላይ ቆሟል፣ የሚያየው እኔን አይደለም፣ በትከሻዬ አሻግሮ ነው።

«ጋሽ ደምሴ፣ ከኋላዎ ያለው ሰውዬ አይገባም እንዴ?»

ያኔ ሐጂም፣ ዓርብም፣ ወጉም ጠፋኝ። «ወንድምህ መሐመድ ሞቷል» አልኩት፣ በቆምኩበት፣ ቦቲዬን ሳላወልቅ። ዘነቡ ጭንቅላቷን ያዘች። ሰይድ ጭቃው ላይ ተቀመጠ፣ የያዘው ሰው አልነበረም። ባሉኩና ተሸካሚዎቹ ቋንቋው ባይገባቸውም ቆባቸውን አወለቁ። ከዚያ በኋላ ዞሬ አየሁ፣ ጉም ብቻ ነው።

በማግስቱ መውረድ ጀመርን። ሰይድ እያለቀሰ ወረደ፣ ያደረበትን አልተርክልህም።

ከተራራው ሥር ካሴሴ ከተማ ኔትወርክ ስናገኝ የሰይድ ስልክ ጮኸ። መሐመድ ነው። በሕይወት አለ። ወደ ገጠር ሸሽቶ ኖሯል፣ ስልክ ወደሚሠራበት አገር ወጥቶ ነው የደወለው፣ የሞተው ሌላ መሐመድ ነው፣ ሾፌሩ ተሳስቷል። ሰይድ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈው፣ «ስማው» አለኝ፣ «አንተ የገደልከውን ሰው ስማው»። አንቱ ማለቱን የተወው ያን ቀን ነው። ሰማሁት። ተራራው ላይ የሰማሁት ድምፅ አልነበረም።

ሐጂ ሲሰሙ ዓርብ አላልኩህም አሉኝ፣ ዘነቡ የደረሰብኝን ስነግራት አማተበችና ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ አለች። ሰይድ በፊቴ ያልፋል፣ ሰላም አይለኝም። ሰላምታው ቀርቶብኝ አልሞትኩም፣ ያላስተኛኝ ሌላ ነገር ነው፣ ያ ሰው ነገርከው ብሎ ጠየቀኝ እንጂ ምኑን እንደሆነ አላለኝም፣ እኔ በአፌ የነበረውን ነው የዘረገፍኩት።

አልቻልኩም፣ አንድ ቀን ሱቁ ገባሁ። ከኋላዬ ያየኸው ሰው ምን ይመስል ነበር ብዬ ጠየቅኩት። የሚመዝነውን ስኳር አስቀመጠና ፊቴን አየው፣ አንድን ፊት ከዚህ በፊት ካየው ፊት ጋር እንደሚያመሳክር ሰው፣ ረጅም ጊዜ አየው። ቁጣው ከፊቱ ላይ ጠፋ፣ ያ ነው ያስፈራኝ።

«አንተ የማይነገረውን ቸኩለህ ነገርከኝ» አለኝ፣ «እኔ አልቸኩልም»።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም ይለኛል፣ አንቱም ይለኛል፣ ምሳ በልተዋል ወይ እያለ ይጠይቀኛል። አልጠየቅኩትም፣ አልጠይቀውምም። ጠዋት ጠዋት ግን ገና ሳልወጣ በሬ ሲንኳኳ አልከፍትም፣ ቁጭ ብዬ ውጭ የቆመው አንድ ሰው ይሁን ወይስ እንደ መርዶ ነጋሪ ብዙ፣ በጆሮዬ እለያለሁ።