ያልተንጠለጠለው ጎማ

ባሌስትራ ሲሞት የእጅ ፍሬኑን እስከ ላይ ስቦት ነበር።

መኪናው ቁልቁለቱ ሥር፣ ደረቁ ወንዝ ውስጥ፣ አራት ጎማውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ተኝቷል። ትራፊክ ፖሊሱ ዙሪያውን ዞረና እጁን አራገፈ።

«ከፍ አድርገውት ነዋ! ረጅም መኪና ይገለበጣል። አለቀ።»

እሱ ቸኩሏል። ሬሳው ግን አልቸኮለም። ኢንስፔክተሯም አልቸኮለችም። የሥራ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፣ የገባችበት ሁሉ ክሩን ይዛ ስለምትወጣ ነው። አጎንብሳ በተሰበረው መስኮት አየችና ጠየቀች።

«ልትገለበጥ ስትል ምንህን ትይዛለህ?»

«መሪዬን ነዋ።»

«ይሄ ሰው ግን የእጅ ፍሬን ነው የያዘው። እግሩ የረገጠው ፍሬን እምቢ ያለው ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው።»

ከዚያ ወደ ፊተኛው ቀኝ ጎማ ዞረች። ለጎማው የፍሬን ዘይት የምታመጣው የጎማ ቱቦ ከሥሯ ተበጥሳለች፤ ዘይቱ በሙሉ በዚያ ፈሶ አልቋል። ትራፊክ ፖሊሱ የዘጋውን መዝገብ መልሶ ከፈተ።

ባሌስትራ የክርስትና ስሙ አይደለም። ባሌስትራ መኪና ሥር የሚነጠፍ፣ ጭነት ሲመጣበት የሚጎብጥ፣ ጭነቱ ሲወርድለት ቀና የሚል ብረት ነው። ሰውዬው ሚስቱ ልጃቸውን ወልዳ ስትሞት ጎበጠ፤ ልጅቷ ኮልተፍ እያለች ማውራት ስትጀምር ቀና አለ። ስሙ በዚያው ቀረ። ጋራዡ በመጥፎ መንገድ የሚሄዱ መኪናዎችን ከፍ የሚያደርግ፣ የሚያጠነክር ነበር። አንድ የታወቀ ሕግም ነበረው፦ «ያልተንጠለጠለ ጎማ ከበር አይወጣም።» ሥራ ባለቀ ቁጥር ባሌስትራ መኪናውን በክሪክ ያነሳል፤ ጎማዎቹ በየተራ አየር ላይ ይንጠለጠላሉ፤ እሱ ከሥር ገብቶ የትኛው ቱቦ እንደተወጠረ፣ የትኛው ብረት እንደተጣመመ በእጁ ይዳስሳል። ደንበኛ ቢጮህ፣ ዝናብ ቢመጣ፣ ሕጉ ሕግ ነው።

የዚህን መኪና ሥራ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሠራችው ልጁ ነበረች። አባቷ «ዳዶ» ይላታል፤ ዳዶ ብሎን ጨምድዳ የምትይዝ ትንሽ ብረት ናት። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ትምህርቱን ትታ ጋራዥ ገብታለች።

መርፌ ጋራዡ ስትደርስ ዳዶ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ እጇን በጨርቅ ትፈትጋለች። እጇ ንጹሕ ነበር። ግን ትፈትገዋለች።

«ከፍ ላለው መኪና አጭሩን የፍሬን ቱቦ ነው የገጠምሽው ይላሉ» አለቻት መርፌ፣ አጠገቧ ቁጭ ብላ።

«ረጅሙን ነው የገጠምኩት።» ትንሽ ቆየችና «ይመስለኛል። እኔንጃ። አሁን እጄንም አላምነውም» አለች። «ሰፈሩ 'አባቷን በላች' እያለ ነው። ውሸት ነው እንዳልላቸው... ካልሆነስ?»

«ጥፍርሽ ቀይ ነበር?»

ዳዶ ቀና አለች። «እንዴት አወቁ?»

«ዳር ዳሩ ላይ ቀርቷል።»

«ለጌጥ አይደለም። ማለቴ ለጌጥም ነው። ግን አንድ ዳዶ አጥብቄ ስጨርስ በጥፍር ቀለም መስመር አሰምርበታለሁ፤ ከዳዶው ጀምሮ ዳዶው እስከሚያርፍበት ማቀፊያ ብረት። መስመሩ ከተዛነፈ ሰው ነክቶታል ማለት ነው። አባቴ በቢጫ ቀለም ነው የሚያሰምረው፤ የኔን ሲያይ 'መኪናውን ልትድሪው ነው እንዴ?' ይለኛል።» ሳቀች። ከዚያ ሳቋ መንገድ ላይ ቀረና ፊቷን በጨርቁ ሸፈነች።

የመርፌ ዓይን ግን ሥራ አልፈታም፤ ጥግ የቆመው ክሪክ እጀታ ላይ ያረፈ ሰማያዊ ቱታ አየ።

«ያ ቱታ የማን ነው?»

«የኔ። ጨርሼ ወደ ምሳ ስሄድ ሰቀልኩት።» እሷም አየችው። ፊቷ ላይ ግን ምንም አልተለወጠም፤ ገና አልገባትም።

የመኪናው ባለቤት በረሃ ለበረሃ እንግዳ የሚያዞር አስጎብኚ ነው፤ ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ከደረቱ የሰፋ።

«እኔ አንድ ክንድ አንሳልኝ ነው ያልኩት» አለ። «ባሌስትራ 'አራት ጣት ይበቃሃል' አለኝ። ከሥሩ ታኮ አስገብተህ ከፍ አድርገው ብለው ሳቀብኝ። ከዚያ ልጅቷን ጠራና 'አንቺ ንገሪው' አላት። ነገረችኝ! በጣም ከፍ ካለ ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ጎማ ጉልበት የሚያደርሰው ዘንግ ይጣመማል፣ መጋጠሚያው ይበላል። ጎማው ከተለቀ ሞተሩ ዳገት ላይ ይለምናል፣ ስለዚህ ጉልበቱን ለጎማዎቹ የሚያካፍለው የዲፈረንሻል ጥርስ ይቀየር። ባሌስትራውና ንጥቀቱን የሚያበርደው ሾካብዞርበር ሲረዝሙ የፍሬን ቱቦውም ይርዘም። 'ልጅ ቁመት ሲያወጣ ሱሪው አብሮ ይረዝም የለ?' አለችኝ። እኔን! በዚህ ዕድሜዬ!»

«ተቆጣህ?»

«ተቆጥቼ ነበር። ግን ልክ ነበረች፤ ምን ታደርጊዋለሽ።» ከዚያ ተጎትቶ መጥቶ ግቢው ውስጥ ወደቆመው መኪናው ተንጠራራ። «ይቅርታ፣ ጊዜው አይደለም። ግን የወንበር ልብሱን ያን ዕለት ጠዋት ነው ያለበስኩት፤ ነጭ ሸራ። ማን ነው ያጠቆረብኝ?»

ከመርፌ ጋር የመጣው ረዳት ፖሊስ ስለ ሰውየው አፍሮ ዓይኑን ሰበረ። መርፌ ግን ሄዳ ወንበሩን አየች። ከፊት ጠርዙ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ ጥቁር ምልክት ነበር፤ ውስጡ ሦስት ሞገድ መሳይ መስመር አለው። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ባሌስትራ ለሙከራ ይዞት ሲወጣ እዚህ ነበርክ?»

የአስጎብኚው ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀነሰ። «ነበርኩ። አንድ ነገር ብሎኛል። ለልጅቷ ልነግራት ስል አፌ ተያዘ።» ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ ነገራት። መርፌም ሰምታ ዓይኗን ወደ ቱታው መለሰች።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ የመለዋወጫ ነጋዴው ነው። ከአፉ «ልክ እንደ አዲስ ነው» የምትል ቃል ስለማትጠፋ ሰው ሁሉ «እንደ አዲስ» ይለዋል። ለዚሁ መኪና የዲፈረንሻል ጥርስ አምጥቶ፣ ባሌስትራ «ይሄ ተበይዶ የተቀባ ነው» ብሎ በሰው ፊት ከነዕቃው ከበር አስወጥቶታል።

«አዎ፣ አዋርዶኛል» አለ፣ ላቡን እየጠረገ። «ግን የኔ እመቤት፣ እኔ እሸጣለሁ እንጂ ብሎን መፍታት አላውቅም! ሚስቴ አምፖል እንኳ አታስነካኝም። መርዶው ሲመጣ እዚህ ነበርኩ፤ 'እርቅ እናውርድ' ብዬ መጥቼ። መርዶ ነጋሪው 'ባሌስትራ ቁልቁለቱ ላይ ተገልብጦ ሞተ' ሲል እኔ 'የት ጋ?' አልኩ። አስጎብኚው 'መኪናዬስ?' አለ፤ ያሳፍራል! ወንድሙ ምርኩዝ ብቻ 'ጎማውን አላንጠለጠለም እንዴ!' ብሎ መሬት ላይ ወደቀ። ወንድም ነዋ። አንጀት ነው።»

«አንጀት ነው» አለች መርፌ በቀስታ።

ምርኩዝ የሟች ታላቅ ወንድም ነው። ድሮ እጁ የተባረከ መካኒክ ነበር፤ አንድ ቀን መኪና ከክሪክ ላይ ተንሸራቶ ቀኝ እግሩን ጨፈለቀው። ከዚያ ወዲህ በዱላ ይሄዳል፤ የዕቃ ክፍሉን ይጠብቃል። ዳዶን ያሳደጓት ሁለቱ ናቸው፤ አባቷ ሲያበላት እሱ ፀጉሯን ይሠራል። ጉንጉኑ ይወላገድ ነበር፤ ትምህርት ቤት ይሳቅባታል፤ እሷ ግን አታስፈታውም።

«ምሳ ሰዓት ማን ቀረ?» አለችው መርፌ።

«እኔ። ሁሌም እኔ ነኝ። ይቺ እግር ቤት ደርሳ እስክትመለስ ምሳው እራት ይሆናል።»

«ማንም አልገባም?»

ምርኩዝ የዱላውን ራስ በሁለት እጁ ጨበጠ። «ማንም» አለ። ውሸት መናገር ይችል ነበር። ለምን እንዳልዋሸ ለመርፌ የገባት በኋላ ነው።

ከቀብሩ ማግስት ጠዋት ሁሉም ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ። መኪናው ከግቢው ተገፍቶ ገብቶ መሐል ላይ ቆሟል። ዳዶ ጥቁር ለብሳ ከአጎቷ ጎን ቆመች። አስጎብኚው ባርኔጣውን አወለቀ። እንደ አዲስ ከሁሉ ኋላ ቆመ።

«ሰው ሁሉ ይህቺ ልጅ አጭሩን ቱቦ ረስታ ገጠመች ብሏል» ብላ ጀመረች መርፌ። «መኪናው ከፍ ብሏል፤ ቱቦው አጭር ነው፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ተወጠረ፣ ተበጠሰ። ይሄ እውነት ነው። የገጠመችው ግን እሷ አይደለችም። ዳዶ፣ ነይ እዪ።»

ዳዶ ተንበረከከች።

«ማቀፊያው ብረት ላይ ምን አለ?»

«የኔ ቀይ... ግማሽ መስመር።»

«ዳዶው ላይስ?»

«ምንም የለም።» በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። «ምንም የለም! ሌላ ዳዶ ነው!»

«አንቺ አጥብቀሽ አስምረሻል። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ረጅሙን ፈትቶ አሮጌውን መልሷል። አሁን ማን የሚለው ነው። የፍሬን ቱቦ ሲፈታ አየር ይገባል፤ አየሩ ካልወጣ ፔዳሉ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፣ ባሌስትራም ከግቢ ሳይወጣ ያውቀው ነበር። ስለዚህ የፈታው ሰው አየሩንም አስወጥቷል። ለዚያ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዱ ፔዳል ረጋጭ፣ አንዱ ከሥር ከፋች። አስጎብኚው አይችልም። እንደ አዲስ አምፖልም አይነካም።»

«ሚስቴን ጠይቁ!» አለ እንደ አዲስ።

«ብቻውን የሆነ መካኒክስ? ፔዳሉን ረግጦ የሚይዝለት ነገር ያስገባል። አንዱን ጫፍ ፔዳሉ ላይ፣ ሌላውን ወንበሩ ላይ።» ነጩን ሸራ አሳየች። «ወንበሩ የለበሰው ያን ዕለት ጠዋት ነው። ይሄን ምልክት ታውቂዋለሽ፣ ዳዶ?»

ዳዶ አየችው። ማወቅስ ታውቀዋለች። ዱላው ሊሾ ላይ እንዳያንሸራትተው ከአሮጌ ጎማ ቆርጣ፣ ጥርሱን መርጣ፣ በሚስማር የመታችው እሷ ናት። ሦስት ሞገድ። ወደ ዱላው ለማየት አልዞረችም። መዞር አላስፈለጋትም።

መርፌ ቀጠለች፤ ድምጿ ግን ደስታ አልነበረውም። «መርዶው ሲመጣ ሁሉም ስለ መገልበጥ ነው የሰማው። አንድ ሰው ብቻ ጎማ ስለማንጠልጠል ጮኸ። ጎማው ቢንጠለጠል ምን እንደሚታይ የሚያውቅ ሰው። ረጅሙን ቱቦ ደግሞ ወንዝ ቢወረውረው ማንም አያገኘውም ነበር። የጋራዥ ሰው ግን ደህና ዕቃ መጣል አይሆንለትም።» ከዕቃ ክፍሉ ሚስማር ላይ፣ ተወልውሎ በሥርዓት የተሰቀለውን ቱቦ አምጥታ ጫፉ ላይ ያለውን ዳዶ ከማቀፊያው አጠገብ አደረገችው። ሁለቱ ግማሽ ቀይ መስመሮች አንድ ሆኑ።

ከዚያ ምርኩዝ ተናገረ።

«አንድ ቁጣ ነው የፈለግኩት። አንድ ቁጣ ብቻ። ያንጠለጥለዋል፣ ቱቦው ተወጥሮ ያየዋል፣ ይቆጣታል፣ 'ሂጂ ትምህርትሽን ጨርሺ' ይላታል። የኔ እግር እዚህች ወለል ላይ ቀርቷል። የሷም እስኪቀር ቆሜ ልይ?» ወደ መርፌ ዞረ። «ሕጉን በሕይወቱ አንድ ቀን አልሳተም። አንድ ቀን! ወንድሜ ሳያንጠለጥል ለምን ወጣ? ያልዋሸሁሽም መልሱን እንድታገኚልኝ ነው፤ እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

መርፌ ወደ አስጎብኚው አየች። አስጎብኚው ባርኔጣውን አጣመመው።

«እኔም ጠይቄው ነበር» አለ። «'ዛሬ አታንጠለጥልም?' ስለው ሳቀ። 'ዕድሜ ልኬን የሰው ሥራ ስፈትሽ ኖርኩ፤ የሷን ከፈተሽኩ መቼ ላምናት ነው?' አለኝ። መኪናውን ሊያነሳ፣ ቱታዋን ከክሪኩ ላይ ለማውረድ እጁን ዘርግቶ ነበር፤ ተወው።»

ዳዶ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባቷ አምኗታል። በዓለም ላይ ከሁሉ አብልጣ የፈለገችውን ነገር አግኝታለች፤ ያገኘችውም እንዲህ ነው።

«ጋሼ» አለችው አጎቷን። «ብትነግረኝስ ኖሮ?»

«ጋራዡን ተዪው ብዬ ነግሬሽ ነበር» አለ ሽማግሌው። «ሳቅሽ።»

እውነቱን ነው። ስቃ ነበር።

ረዳት ፖሊሱ ማስረጃ ነውና ዱላውን ተቀበለው። ምርኩዝ ያለ ዱላ አንድ እርምጃ ሞከረና ግድግዳ ያዘ። ፖሊሱ ሊደግፈው ቀረብ ሲል ዳዶ በመሐል ገባች።

«ተወው፤ አንተ አታውቀውም። በግራ በኩል ነው የሚደገፈው።»

ትከሻዋን ብብቱ ሥር አስገባች። ፊቱን አላየችውም።

«እስከ በሩ ብቻ ነው፣ ጋሼ» አለችው።

በሩ ሩቅ አልነበረም። ሁለቱም ግን ቀስ ብለው ሄዱ።