የድልነሳ ድምፅ

የአምባሪ ሐይቅ መሞቁን መጀመሪያ ያወቁት ልብስ አጣቢዎቹ ሴቶች ነበሩ። እግራቸውን ነክረው ወዲያው አወጡ። ቀትር ሳይደርስ ዓሣው ሆዱን ለሰማይ ሰጥቶ ተንሳፈፈ፤ ምድሪቱ ከሥሯ ማጉረምረም ያዘች፤ በቤተ መንግሥቱ አደባባይ የተተከለው የነሐስ ዓምድም ማንም ሳይነካው ጮኸ። ያን ጊዜ የሳርዋ ሕዝብ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ፤ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሰበሰቡ። ከሐይቁ ሥር የተኛው ታላቁ ዘንዶ፣ ዱማን፣ እየነቃ ነበርና።

በጥንት ዘመን ዱማን አገሪቱን ሊውጥ በተነሣ ጊዜ የሳርዋ የመጀመሪያዋ ንግሥት ያስተኛችው በሰይፍ አልነበረም፤ በድምፅ ነበር። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ በሐይቁ ዳር ካለው ጥቁር ድንጋይ ፊት ይቆማል፤ የተቀረጸውን ቃል ኪዳን ጮክ ብሎ ያነባል፤ በአዲሱ ድምፅም የዘንዶው እንቅልፍ ይታደሳል። ነገሩ እስከዚህ መልካም ነበር። የሳርዋ ሊቃውንት ግን መልካም ነገር አይተው ዝም ማለት አይሆንላቸውም። ከብዙ ትውልድ በኋላ አንድ ሊቀ ንባብ ተነሥቶ «ሲያነብ የተሰናከለ ልጅ ዘንዶውን ይቀሰቅሳል» ብሎ ደነገገ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊደል የሚምታታበት፣ መስመር የሚጠፋበት ልጅ ሁሉ «ተሰናካይ» እየተባለ ወደ ነጭ ምድር፣ ወደ ጨው በረሃ ተነዳ። ከእነዚህ ልጆች መካከል አንድ ጊዜ የሰማውን ተረት ሳያዛንፍ የሚመልስ ነበረ፤ ደመና አይቶ ዝናብ የሚለይ፣ የተሰበረ ቀንበር የሚጠግን ነበረ። ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ሐመልማልና ድልነሳ መንትያ ነበሩ። ለሁለቱም ፊደል እንደ ጉንዳን እየተራወጠ አልያዝ ይላቸው ነበር። እናታቸው ላቀች ይህን ባወቀች ጊዜ ለማንም አልተነፈሰችም፤ ወተት እየናጠች ቃል ኪዳኑን በቃላቸው አስጠናቻቸው። በንባቡ ቀን ሐመልማል ቀድማ ቆመች። ዓይኗን ድንጋዩ ላይ ተክላ ሳትተነፍስ አወረደችው። የዘመኑ ሊቀ ንባብ ዘሩባ ግን ጠረጠረ። ድልነሳ ሲቀርብ ከመጀመሪያው እንዲጀምር አልፈቀደለትም። የመጠቆሚያ ስንደዶውን አንሥቶ ከመካከል አንድ ቃል ጠቆመና «ይህችን አንብብ» አለው።

ድልነሳ ቃሉን አየ፤ ከዚያ እህቱን አየ። አፉን ከፍቶ አንድ ነገር ጀመረ፤ ተሳሳተ፤ እንደገና ጀመረ። ሕዝቡ ሳቀ። ልጁ አፉን ዘጋ፤ ወታደሮቹ ሲነዱትም፣ እናቱ መንገድ ላይ ተደፍታ ስትጮህም አልከፈተውም። ሐመልማል ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሐሳብ አልለቅ አላት፤ እኔ ያን ያህል ባልፈጠንሁ ኖሮ እሱን ባልጠረጠሩት። አራት ዓመት ሙሉ ይህን እንደ እሾህ ተሸክማ ኖረች።

አሁን ሐይቁ ሲሞቅ መኳንንቱ «የተደበቀ ተሰናካይ በመካከላችን አለ፤ ይፈለግ» ብለው ጮኹ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይህ ነው። ያን ጊዜ ሥልጣኑን ትቶ በሐይቁ ዳር በብቸኝነት ይኖር የነበረው ሽማግሌው ዘሩባ ወደ ንግሥት ምሕርካ ዙፋን ቀረበ።

«ግርማዊት ሆይ» አለ፤ «ሹመቴን ከጣልሁ ጀምሮ በየማለዳው እጄን በዚህ ውሃ እነክራለሁ። ልጅ በተሰናከለ ቀን ውሃው እንደ ቀዘቀዘ ይውላል። ልጅ በተባረረ ማግሥት ግን ይሞቃል። ዱማንን የሚያስተኛው የንባብ ጥራት አይደለም፤ የልጆቻችን ሁሉ ድምፅ ነው። እኛ ደግሞ ድምፃችንን በገዛ እጃችን ወደ በረሃ ነዳነው። ካልመለስናቸው ሳርዋ የለችም።»

ንግሥቲቱ ወደ ጦር አለቆቿ ዞረች። «ማን ይሄዳል?» አለች። በጦርነት ደረታቸውን የሚነፉት አለቆች የጫማቸውን ጫፍ ይመለከቱ ጀመር። ወደ ነጭ ምድር የሚያደርሰው የንፋስ ደጅ የሚባለው ገደል ነበርና፣ ከዚያ የተመለሰ ጥቂት ነው።

ሐመልማል ከሕዝቡ መካከል ወጣች። «እኔ እሄዳለሁ። ወንድሜን ይዤ ካልተመለስሁ የሳርዋ አፈር አጥንቴን አይቀበል!»

«መንገዱን የሚያውቀው ዘሩባ ብቻ ነው፤ ከእሱ ጋር ትሄጃለሽ» አለች ንግሥቲቱ።

«ወንድሜን ባባረረ አፍ መንገድ አልመራም!»

«ልጄ ሆይ፣ ጠላትሽን እንድትወጂ አላዘዝሁሽም። እንዲመራሽ ፍቀጂ። ውሃው ሳይፈላ ተመለሺ።»

እንዲህ ሆነና ሁለቱ ቦራ የተባለችውን እልኸኛ በቅሎ ይዘው ወጡ። በጉዞው ሁሉ ሐመልማል ለሽማግሌው ቃል አልሰጠችውም፤ ከበቅሎዋ ጋር ግን ብዙ ታወራ ነበር።

በንፋስ ደጅ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ነጭ ምድር ይወርዳል፤ ሌላው ክንፋቸው ሥጋ ወደሚተለትለው ግዙፍ አሞሮች፣ ወደ ሰይፈ ክንፎች ጎጆ ይወስዳል። የትኛው የት እንደሚያደርስ የጥንት ሰዎች በዐለቱ ላይ ጽፈዋል። ዘሩባ ጉልበቱ ዝሎ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ሐመልማል ከዐለቱ ፊት ቆመች። አንዱን ፊደል ስትይዝ ሌላው ሸሸ፤ ያንን ስታባርር የመጀመሪያው ጠፋ። ጠብቃው «ያንብቡልኝ» ማለት ትችል ነበር። ይህን ለእሱ ከመናገር ግን ገደል መግባት ቀለላት፤ በግምት ወደ ቀኝ ታጠፈች።

ሰይፈ ክንፎቹ ፀሐዩን ጋርደው ወረዱ። ሐመልማል ጦሯን ሰብቃ አንዱን አንገቱን ወጋችው፤ ሌላው ጦሩን ከእጇ ነጠቀው። ዘሩባ እያነከሰ ደርሶ ከዐለት ሥር ገፋትና በላይዋ ተደፋባት። ጀርባው ሲቀደድ ድምፅ አላሰማም። ቦራ ግን ልጓሟ ከድንጋይ ተጠላልፎ ማምለጥ አልቻለችም። አሞሮቹ እሷን በልተው ጠገቡ፤ ሄዱም።

ሐመልማል በቅሎዋ በወደቀችበት ተቀምጣ አለቀሰች። «ማንበብ አልችልም» አለች በመጨረሻ። «ጽሑፉ እዚያ ነበር። ማንበብ አልችልም።»

«ዐውቃለሁ» አለ ዘሩባ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከንባቡ ቀን ጀምሮ። ከንፈርሽ ከዓይንሽ ይቀድም ነበር። ዐውቄ አሳለፍሁሽ። ሁለት ልጆች በአንድ ቀን ከአንዲት እናት መንጠቅ ከበደኝ። አንዱን ብቻ ነጠቅሁ፤ ይህንንም ምሕረት ብዬ ጠራሁት።»

«እኔን ካሳለፉ እሱን ማሳለፍ ምን ገደደዎ?» ብላ ጮኸችበት። «ምን ገደደዎ?»

«ፈራሁ፣ ልጄ። ሕዝቡ ያየኝ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ልትመታው እጇን አነሣች፤ ደሙ ከጀርባው ሲወርድ አይታ ነጠላዋን ቀደደችና ቁስሉን አሰረችለት። ወደ መለያያው ሲመለሱ ሽማግሌው ከዐለቱ ፊት ቆመ፤ ጣቱን በእያንዳንዱ ቃል ሥር እያሳለፈ ቀስ ብሎ አነበበላት። አልተቆጣትም፤ አልሳቀም፤ «እንዴት ይህ ያቅትሻል» አላለም። እንዲህ ቀላል ነገር ነበር። ሐመልማል ለበቅሎዋ ካለቀሰችው በላይ ለዚህ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ባረፉበት ሁሉ ዘሩባ አሸዋ ላይ አንድ ፊደል በትልቁ ይጽፍና እጇን ይዞ በቅርጹ ላይ ያስሄዳት ነበር፤ ድምፁን እያሰማ፣ ደግሞ እያሰማ። «ፊደል በዓይን ብቻ ይገባል ያለን ማነው?» ይል ነበር። «በእጅም ይገባል፤ በጆሮም ይገባል። ዓይንሽ አልሰነፈም። አንድ በር ብቻ ከፍተን በዚያ ያልገባውን ሁሉ ደንቆሮ ያልን እኛ ነን።» ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ የሳርዋ ሊቅ ይህን ለማየት ዕድሜውን ሁሉ ፈጀ።

ነጭ ምድር ደረሱ። የተባረሩት ከጨው ድንጋይ ቤት ሠርተው፣ ጨው እየቆረጡ ይኖሩ ነበር። ድልነሳን ከሩቅ በአካሄዱ ለየችው። ቁመቱ በልጧታል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኑ ከጨው ነጸብራቅ የተነሣ ጠቧል። ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱም አጥብቆ ያዛት፤ ነገር ግን አንድ ቃል አልወጣውም።

«አይናገርም» አለች የሰፈሩ ታላቅ የሆነች ሽበታም ሴት። «ከመጣ ጀምሮ ድምፁን የሰማ የለም።»

ሐመልማል የመጣችበትን ስትነግራቸው ሴትዮዋ መራራ ሣቅ ሳቀች። «ተሰናካይ ብለው ለጨው ሰጡን። አሁን ሲሞቃቸው ድምፃችን ትዝ አላቸው? ይቃጠሉ!»

ብዙዎች «ይቃጠሉ!» አሉ። ዘሩባ ያን ጊዜ በጨዋማው መሬት ላይ ተንበረከከ። «እውነት ነው፣ አይገባንም» አለ። «እኔ ከእናንተ ስንቱን በእጄ ጠቁሜ አባረርሁ። ይቅርታ የምጠይቅበት አፍ የለኝም። እዚያ ያሉት ሕፃናት ግን ገና አላባረሩም፤ ገና አልሳቁም።»

ድልነሳ ወደ ሽማግሌው ሄደ፤ ለረጅም ጊዜ ቁልቁል ተመለከተው። ከዚያ ብብቱን ይዞ አነሣው፤ የውሃ ቅሉን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ወደ ሳርዋ መንገድ ጀመረ። ሴትዮዋ ተሳደበች፤ ተሳድባም ተከተለችው። ሌሎቹም ተነሡ። ይቅር ያለ ከመካከላቸው ጥቂት ነበር፤ ግን ተነሡ።

ሲደርሱ ሐይቁ ይፈላ ነበር። ንግሥቲቱ ሕፃናትንና አረጋውያንን ወደ ተራራው አስወጥታ ነበር፤ ላቀችም ከእነርሱ ጋር ነበረች። ዱማን ራሱን ከውሃው አውጥቷል፤ ቅርፊቱ ላይ እንፋሎት ይንተከተካል፤ ትንፋሹ የደረሰበት ሸንበቆ ሁሉ ይከስላል። የተባረሩት በሐይቁ ዳር ተሰለፉ። ሐመልማል ጀርባዋን ለድንጋዩ ሰጥታ ቆመች፤ ማንም እንዲያነብ አልጠየቀችም። እሷ ትላለች፣ እነርሱ ይቀበላሉ፤

«የሳርዋ ልጅ ነኝ! ድምፄን በውሃው ላይ አኖራለሁ! አንተ ተኛ፣ እኛ እንንቃ!»

የረሳውን ጎረቤቱ ደገፈው፤ የቀረውን የቀደመው ጠበቀው። ውሃው መቀዝቀዝ ጀመረ። የዘንዶው ገላ ጥቅልል እያለ ሰመጠ። ራሱ ግን አልሰመጠም፤ አንድ ዓይኑ እንደ ተከፈተ ቀረ፤ አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሁሉ ዳርቻውን ይቃኝ ነበር። ዘሩባ ተረዳ፤ ሐመልማልም ተረዳች። አንድ ድምፅ ጎድሏል።

ድልነሳ ወደ ውሃው ገባ። ጉልበቱ ድረስ፣ ወገቡ ድረስ ሄደ፤ ዘንዶውም ራሱን ዝቅ አደረገለት። ሕዝቡም ወደ ዳርቻው ተጠጋ።

«የሳ…» አለ ድልነሳ። ቆመ። «የሳር… የሳርዋ ልጅ ነኝ።»

ሐመልማል አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ድም… ድምፄን…» አራት ዓመት የተዘጋ ጉሮሮ በቀላሉ አይከፈትም። ቃሉ ያዘው፤ ተመለሰ፤ እንደገና ጀመረ። «ድምፄን በውሃው ላይ አኖራለሁ።» የዘንዶው ዓይን መከደን ጀመረ። ራሱ ሲሰምጥ ግን ውሃውን ይዞ ይሰምጥ ነበር፤ ሐይቁ መሐል ለመሐል መሽከርከር ጀመረ። ድልነሳ ደረቱ ድረስ ገብቷል።

«ና ውጣ!» ብላ ጮኸች ሐመልማል። «ይበቃል፣ ድሌ፣ ና!»

ዞሮ አያት። በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ፤ አልጨረሰም ነበርና። ቢተወው ያ ዓይን እንደገና ይከፈታል። ፈጥኖ ቢለው ኖሮ ይወጣ ነበር፤ እሱ ግን መፍጠን አይችልም ነበር፤ ማንም ደግሞ ስለ እሱ ሊልለት አይችልም ነበር። «አንተ…» አለ። «አንተ ተኛ። እኛ… እኛ…»

ያ ሁሉ ሕዝብ፣ የዚያን ቀን የሳቁት ጭምር፣ ዝም ብሎ ጠበቀው።

«እኛ እንንቃ።»

የዱማን ዓይን ተከደነ። ውሃው በላዩ ተዘጋ፤ ድልነሳንም ይዞ ተዘጋ። ሐመልማል ዘልላ ገባች፤ ዋናተኞች ገቡ፤ ሽማግሌው ዘሩባ ሳይቀር ገባ። ሐይቁ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ነበር። ከውስጡ ምንም አልመለሰላቸውም።

ሳርዋ ዳነች። እምቢልታ ተነፋ፤ ንግሥት ምሕርካ በአደባባይ ቆማ እንዲህ ስትል ዐወጀች፤ «ከዛሬ ጀምሮ በመሰናከሉ የሚባረር ልጅ የለም። የንባብ ቤታችን በሮች ብዙ ይሁኑ፤ በዓይኑ የሚማር በዓይኑ፣ በጆሮው የሚማር በጆሮው፣ በእጁ የሚማር በእጁ ይማር። የሚዘገይ ይጠበቅ። ይህ ሕግ በሰው ነፍስ የተገዛ ነውና የሚሽረው አይኑር!» ሐመልማልን የንባብ ቤቱ እመቤት አድርጋ ሾመቻት፤ ዘሩባም በእሷ ሥር ለታናናሾቹ አሸዋ የሚያለሰልስ ሆነ። ሕዝቡ ዘፈነ። ሐመልማል ግን የሹመቱ ካባ ከተደረበላት በኋላ ከበዓሉ ወጥታ ወደ እናቷ ቤት ሄደች።

ላቀች ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። እንባዋ አልቆ ዓይኗ ደርቋል። ልጇ አጠገቧ ስትቀመጥ ቀና አላለችም።

«ተናገረ አሉኝ» አለች።

«አዎ፣ እማ።»

«እኔ ተራራው ላይ ነበርሁ። እዚያ አይሰማም።» አሁን ቀና አለች። «ድምፁ ጎርንኖ ነበር?»

ሐመልማል ይህን አልጠበቀችም። ድልነሳ ከቤት ሲወጣ ድምፁ ገና የልጅ ነበር።

«ጎርንኖ ነበር፣ እማ። ልክ እንደ አባባ።»

«እንደ አባቱ…» አለች ላቀች። ቀሚሷን በጣቶቿ ታጥፍ ጀመር። «ተሰናከለ?»

«ብዙ ቦታ።»

«ሳቁበት?»

«ማንም አልሳቀም። አገር ሙሉ ዝም ብሎ ጠበቀው።»

ላቀች ራሷን ነቀነቀች። «እስቲ እንዳለው አድርገሽ በይልኝ» አለች።

ሐመልማል ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ድምፅዋን የቻለችውን ያህል አጎርንና «አንተ ተኛ» አለች። ቀሪው አልወጣ አላት። ላቀችም አላጣደፈቻትም።